ልቡ ላይ ምንም አልተገኘም

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ልብ እንደሌለው ሰማሁ።

የሰማሁት ከእናቴ አፍ ነው። ከሆስፒታል ሲመለሱ አክስቴ ዙልሚራ በሩን ከፍታ፣ "እህስ፣ ምን አሉ?" ብላ ጠየቀቻት። እናቴ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ "ልቡ ላይ ምንም አልተገኘም" አለቻት። "ሦስት ሐኪም ተራ በተራ አየው። መሣሪያ ለጠፉበት፣ ደሙን ቀዱት። ምንም።" አክስቴ አማተበች። እኔ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የአባቴ ጫማ ብቻ ነው። ጫማው ወለሉ መሃል ቆሞ፣ ወዴት እንደሚሄድ የጠፋው ይመስላል። ሦስት ሐኪም፣ ያውም በመሣሪያ፣ ፈልጎ ያጣው ልብ የለም ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። አባቴ አደሊኖ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሱቁ ፖርቶ ከተማ፣ ሚራጋያ ሰፈር፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ከቤታችን ሥር ነው። ቅዳሜ ስለነበር ትምህርት የለም። ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተጋድሜ የድሮ መጽሔት አገላብጣለሁ። አባቴ ሴኞር ቤልሚሮን ይላጫል። ሴኞር ቤልሚሮ ጡረታ የወጣ የትራም ነጂ ነው፤ ፊቱ እስከ ጆሮው በአረፋ ተሸፍኖም ቢሆን ወሬ አያቆምም።

"አደሊኖ፣ ዝም አልክብኝ እኮ" አለ ዓይኑን እንደ ጨፈነ። "ምላጭ ይዘህ ዝም ስትል ደስ አይለኝም።"

ቀና ብዬ ሳይ የአባቴ ፊት አረፋውን መስሏል። ምላጩን ቀስ ብሎ ከሴኞር ቤልሚሮ አንገት ላይ አነሳና ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ከመስተዋቱ ሥር፣ የተቆረጠው ፀጉር መሃል፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ደረቱን ጨምድዶ ይዟል።

"እየሞትኩ ነው" አለ። "ዴኦሊንዳን ጥሩልኝ።"

ዴኦሊንዳ እናቴ ናት። ሴኞር ቤልሚሮ ፎጣው ከአንገቱ ሳይወርድ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደሆነ መንገድ ላይ ወጥቶ ጮኸ። አምቡላንስ ሲመጣ ሠራተኞቹ በሽተኛው እሱ መስሏቸው ለቀም አደረጉት። ቃሬዛው ላይ ሊያስተኙት ሲታገሉ፣ "እኔ አይደለሁም! እኔ ጢሜን ነው የምላጨው!" እያለ ሲፈራገጥ ዛሬም በዓይኔ ላይ ነው። አሁን ይህን ባነሳን ቁጥር ሁላችንም በሳቅ እንፈርሳለን። ያኔ የሳቀ አልነበረም።

አክስቴ ዙልሚራ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከእኛው ጋር ነበር የምትኖረው። አባታቸው፣ ማለትም እኔ ያላየሁት አያቴ፣ እዚያው ሱቅ ውስጥ መቀስ እንደያዘ ወድቆ ነው የሞተው። በልብ። አባቴ ደግሞ በዚያ ዓመት አባቱ የሞተበት ዕድሜ ላይ መድረሱ ነው። ቤት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፣ የሚያነሳውም የለም። አክስቴ ብቻ አንዳንዴ ሽንኩርት እየላጠች፣ "የእኛ ዘር ልቡ ደካማ ነው" ትል ነበር። የሐኪሞቹ ቃል ለእሷ ምንም አልነበረም። "አባባንም ከመሞቱ በፊት ደህና ነህ ብለውት ነበር" አለች።

በማግስቱ ጉንጮቼን በሁለት እጇ ያዘች።

"ሜና፣ ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ አባትሽን ማስደንገጥ የለም። መሮጥ የለም፣ በር ማጋጨት የለም። እሱ ደረጃ አይወጣም፣ ቡና አይጠጣም፣ አይናደድም፣ ብዙ አይስቅም። ገባሽ?"

"ልቡ ስለጠፋ ነው?" ልላት ብዬ ተውኩት። ጮክ ብሎ ከተነገረ እሱ ራሱ የሚሰማውና የሚደነግጥ መሰለኝ።

ስለዚህ ዘበኛ ሆንኩ። ቤት ውስጥ በካልሲ ብቻ መሄድ ጀመርኩ። የሰፈር ልጆች ኳሳቸውን ግድግዳችን ላይ እንዳይመቱ ለመንኳቸው፤ እምቢ ያለውን ነከስኩት። አባቴ ሶፋው ላይ ሲያሸልብ በርጩማ ስቤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን እጠብቃለሁ። ሲነቃ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ ያደርግና ትንፋሹን ውጦ ይቆያል፤ ከዚያ ጣቶቹን ወደ እጁ አንጓ ያወርዳቸዋል። ልቡን እየፈለገ ነው እል ነበር። አንገቱ ላይ ሲያጣው እጁ ላይ ይፈልገዋል።

"ዴኦሊንዳ፣ ፊቴ ገርጥቷል?" ይላታል እናቴን።

"አልገረጣም።"

ሾርባዋን ገና ሳትጨርስ ደግሞ፣ "እስቲ በደንብ እዪኝ።"

"አደሊኖ፣ እንደ ቲማቲም ቀይ ነህ!"

"ቀይ ነኝ? ደም ግፊት ይሆን?"

የሚሄድባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ ተዘጉ። አውቶቡስ ውስጥ ያዘው፤ አውቶቡስ ቀረ። ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ መሃል ያዘው፤ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው፤ ደረጃም ቀረና አልጋው ከላይ ወርዶ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ተዘረጋለት። ሱቁ ተዘጋ። እናቴ በምትሠራበት የሳርዲን ዓሣ ፋብሪካ ፈረቃ እየደረበች ማታ ማታ ዘይት ዘይት እየሸተተች ትገባለች። አባቴ እንቅልፍ የሚያመጣ ኪኒን ታዞለት ነበር፤ ኪኒኑ አስተኛው እንጂ ፍርሃቱን አልነካውም። ሲነቃ ፍርሃቱ ቀድሞት ነቅቶ ይጠብቀዋል።

በዚያ ጊዜ የታየኝ አንድ ሊሞት የተቃረበ ሰውና እሱን ለማትረፍ የምንራወጥ ሦስት ሴቶች ነው። ዛሬ መለስ ብዬ ሳየው እኔና አክስቴ የምናበላው ፍርሃቱን ነበር። "ደረጃ አትውጣ" ባልነው ቁጥር ደረጃ ይገድልሃል ማለታችን ነው፤ እሱም ያምነናል። ከመካከላችን ክፉ አልነበረም። የሚያውቅ አልነበረም እንጂ።

ሰፈሩ በበኩሉ የራሱን ምርመራ አደረገ። ዳቦ ቤቱ ወረፋ ላይ ስቆም ሴቶቹ ከጭንቅላቴ በላይ ይነጋገራሉ። "ዓይን ነው የበላው።" "ምን ዓይን ትያለሽ፣ ሥራ ጠልቶ ነው።" "ወንድ ልጅ በነርቭ ሲታመም አሁን ገና ሰማሁ!" ሴኞር ቤልሚሮ ብቻ ሌላ ፀጉር ቤት አልሄድም ብሎ ጢሙ ደረቱ ላይ ደረሰ። ሰው ሲቀልድበት፣ "ግማሹን የላጨኝ ሰው ግማሹንም ይጨርሰዋል" ይላል።

የብርዱ ወራት ሊያልቅ ሲል እናቴ አባቴን በታክሲ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። አዲስ የተመደበች ወጣት ሐኪም ነበረች። ሲመለሱ እሱ ጓዳው ገብቶ ተኛ፤ እናቴና አክስቴ ኩሽና ቆዩ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

"በሽታው ስም አለው እኮ፣ ዙልሚራ!" አለች እናቴ። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር ከሰማኋት ቆይቷል። "የጭንቀት ሕመም ነው፤ ድንገት እየተነሳ የሚይዝ። መጀመሪያ የልቡን ምርመራ ሁሉ አገላብጣ አየች። ከዚያ እሱ ሳይነግራት እሷ ነገረችው። 'ድንገት ይመጣብዎታል፣ እጅዎ ይደነዝዛል፣ አሁን ሞትኩ ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ግን መቼ ይመለስ ይሆን እያሉ ሲጠብቁት ይውላሉ' አለችው። አደሊኖ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። 'እንዴት አወቁ?' ነው የሚላት።"

"ጭንቀት!" አለች አክስቴ። "ጭንቀት የሌለበት ማን አለ? እኔስ አልጨነቅም?"

"ይድናል ብላለች። ይህንኑ የምታክም ባለሙያ አለች፤ ወደ እሷ ልካዋለች።"

"በመርፌ ነው?"

"አይደለም። እሷ... ሆን ብላ ታስሮጠዋለች። የሚፈራውን ነገር አውቃ ታመጣበታለች፣ እንዳይፈራው።"

የድስት ክዳን ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ።

"ትገድለዋለች!" አለች አክስቴ።

ከዚያ ሁሉ ንግግር እኔ ጋ የቀረው ይህ ቃል ብቻ ነበር።

ሴትዮዋ ኮንስታንሳ ትባላለች። ሐሙስ ሐሙስ፣ አባቴ ከቤት መራቅ ስላቃተው፣ እሷ ራሷ ሱቁ ድረስ ትመጣለች። በጓዳውና በሱቁ መካከል ካለው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አየኋት። አጭር፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ጎመንና ድንች ልትገዛ የወጣች የምትመስል ሴት። ነፍሰ ገዳይ እንደዚህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። የመጀመሪያው ቀን ወሬ ብቻ ነበር። በሌላው ሐሙስ ግን ከቦርሳዋ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ አወጣች። አባቴ አፍንጫውን በጣቱ ይዞ በዚያች ቀጭን ነገር ብቻ እንዲተነፍስ አደረገችው። ዓይኑ ፈጠጠ። ቀጥላ በራሱ የደንበኞች ወንበር ላይ አስቀመጠችውና እንደ ልጆች መጫወቻ አሽከረከረችው።

"አሁን ከአሥር ስንት ነው?" አለችው።

"ሰባት" አለ አባቴ የወንበሩን እጀታ አንቆ። "አይ፣ ስምንት።"

"ጎበዝ! በጣም ጥሩ። እንዳለ ይቆይ፣ አናባርረው።"

አባቴ አሥር ሲሞላ የሚሞት መሰለኝ። ስምንት ሲላት ደግሞ ደስ ይላታል! አክስቴ እውነቷን ነው አልኩ።

ዛሬ የሚቆጠረው ምን እንደነበር አውቃለሁ። የፍርሃቱን ቁመት ነበር የምትለካው። ሲያዞረው፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ልቡ ሲደልቅ፣ ይህ ሁሉ ሞት ሳይሆን እሳት ሳይነሳ የሚጮህ ደወል መሆኑን በቃል ሳይሆን በገዛ አካሉ እንዲያውቀው ነበር የምትለፋው። ጣቱን አንገቱ ላይ እንዳያደርግ፣ እናቴን "ገርጥቻለሁ?" ብሎ እንዳይጠይቅ አደራ ብላዋለች። እናቴም ብትጠየቅ እንዳትመልስ። እኔ ይህን አላውቅም፤ ስለዚህ እናቴ ዝም ስትለው ባየሁ ጊዜ፣ እሷም ተስፋ ቆርጣለች ብዬ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለቱ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ከበራችን ጎን ወደ ላይኛው ሰፈር የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያሳምም። በግራና በቀኝ ልብስ ተሰጥቶበታል። አባቴ ደረጃ መውጣት ከተወ ከብዙ ወራት በኋላ በዚያ ደረጃ ሥር ቆሟል።

"ዝግጁ ነዎት፣ ሴኞር አደሊኖ?" አለችው።

"አይደለሁም።"

"እኔም አይደለሁም፤ ጉልበቴን ያመኛል። ኑ፣ እንሩጥ።"

ሮጡ። አባቴ ሮጠ! ቦርሳዬን እዚያው ጥዬ ከኋላቸው በረርኩ። "አቁሙ! አባዬ፣ አቁም!" እያልኩ እጮኻለሁ። መስኮቶች ተከፈቱ። አክስቴ በኛ መስኮት ብቅ ብላ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ደረጃው እኩሌታ ላይ ስደርስባቸው አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ እያለከለከ ነው። በሱና በሴትዮዋ መካከል ገባሁና በሁለት እጄ ሆዷን ገፋኋት።

"ልብ የለውም!" አልኳት። "ልብ የለውም እኮ! ሐኪሞቹ ፈልገው አጡት! ልትገድይው ነው!"

ኮንስታንሳ አልተቆጣችኝም። መነጽሯን አስተካክላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ቁመቷ ከቁመቴ ጋር እኩል ሆነ።

"ማነው ልብ የለውም ያለሽ?"

"እማዬ ናት። ልቡ ላይ ምንም አልተገኘም አለች።"

አባቴ ያኔ ያየኝ አስተያየት... ያን ሁሉ ወር በካልሲ ስሄድ ያለፍኩበትን ነገር በአንድ ጊዜ አየው መሰለኝ።

"ነይ" አለችኝ ኮንስታንሳ። "ጆሮሽን እዚህ አድርጊ።" ወደ አባቴ ደረት አሳየችኝ። "እርስዎ ደግሞ አይቀመጡ፣ አንገትዎን አይንኩ። ይቁሙ ብቻ።"

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ሸሚዙ በላብ ርሷል፤ ከውስጥ እየተደበደበ ያለ ነገር አለ።

"ምን ይሰማሻል?"

"አለ!" አልኩ። "አለው! ግን ሊፈነዳ ነው።"

"ሊፈነዳ? እስቲ አብረን እንጠብቅ። ሳይፈነዳ ቢቀር ምን ያደርግ ይሆን?"

ጠበቅን። ከላይ አንዲት ሴት፣ "ምን ሆኑ?" ስትል ሌላዋ፣ "እሽ! ልጅቷ እያዳመጠች ነው" አለቻት። ልቡ ደበደበ፣ ደበደበ። ከዚያ ሳላውቀው ረገብ አለ። እንደገና ሊነሳ አለና ተወው። በመጨረሻ ሰው ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ እንደሚሰማው ኮቴ ሆነ።

"ዘገየ" አልኩ።

"ማን አዘገየው?" አለች ኮንስታንሳ። የጠየቀችው ግን አባቴን ነበር።

"ማንም" አለ አባቴ። "ማንም አልነካው። ብቻውን ወረደ።" ከዚያ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ ልቅሶም ሳቅም ያልሆነ ድምፅ አወጣ።

ለብዙ ዓመት አባቴን ያዳንኩት እኔ፣ በጆሮዬ፣ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ይህንኑ ለኮንስታንሳ ስነግራት ሳቀች። "ያዳነው ቆሞ መጠበቁ ነው" አለችኝ። "አንቺ ግን በደህና ሰዓት ደረስሽ።" አባቴ በበኩሉ የነገረኝ እንዲህ ነው፦ "አሥር ላይ ነበርኩ። ገፍቼሽ ሄጄ ልተኛ ፈልጌ ነበር። ግን ጆሮሽ ደረቴ ላይ እያለ እንዴት ልሂድ? ቆምኩ። እስኪያልፍ ቆሜ ያየሁት ያን ቀን ነው።"

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀና አልሆነም። ጥሩ ሳምንት ይመጣል፣ ከጓዳው የማይወጣበት ሳምንትም ይመጣል። ኮንስታንሳ ግን ሐሙስ አትቀርም፤ "ተመለሰ? ይመለስ። መንገዱን እናውቀዋለን" ትለዋለች። መጀመሪያ እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ በአውቶቡስ አንድ ፌርማታ፣ ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ። በኋላ እሷ ሳትኖር፣ በኋላ እናቴም ሳትኖር። አልጋው ተመልሶ ፎቅ ወጣ። ሱቁ የተከፈተ ቀን የመጀመሪያው ደንበኛ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አባቴ ምላጩን አነሳ።

"ሴኞር ቤልሚሮ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ልንገርዎት ብዬ ነው።"

"አየዋለሁ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ አገጬ ይንቀጠቀጣል። ሁለታችን ስንንቀጠቀጥ ልክ እንመጣለን። ቀጥል!"

አክስቴ ኮንስታንሳን ለረጅም ጊዜ ሰላም አላለቻትም። አንድ ሐሙስ ግን የበቆሎ ዳቦ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠቻት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ከቤት ከወጣሁ ወዲያ፣ እሁድ ምሳ ላይ ድንገት፣ "ያቺ ሴትዮ አሁንም ትሠራለች?" አለች። አባቴ ሹካውን አስቀመጠ። ለማን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅናትም። "ትሠራለች፣ እህቴ" አላት። "እኔ እወስድሻለሁ።" ይዟትም ሄደ። እያደግሁ አክስቴ ቤቱን ስለምትወድ አትወጣም ስል ኖሬ፣ ለካ እሷንም የያዛት ያው ፍርሃት ነበር።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የማስታውሰው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ያከበርነውን የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ነው። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። በየደጁ ሳርዲን ይጠበሳል፣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ የሰፈሩ ማርሽ ባንድ ይነፋል፣ ትልቅ ትንሹ እንደ በዓሉ ልማድ በፕላስቲክ መዶሻ የሰው አናት ይመታል። አባቴ በሰው ጎርፍ መሃል እጄን ይዞ ቆሟል። በሌላኛው እጁ ሳርዲን የተጫነበት ዳቦ ይዟል። ድንገት እጁ በእጄ ውስጥ ቀዘቀዘ። ዘበኛ ነኝና አወቅሁ። እናቴም አወቀች።

"መጣ?" አለችው።

"መጣ።"

"ቤት እንሂድ?"

አባቴ ፊቱ ነጥቷል፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ዙሪያውን አየ። "አይ" አላት። "ከፈለገ ይቆይ። እኔ ሳርዲኔን አልጨረስኩም።" ዳቦውን ወደ አፉ ወስዶ ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠ። ደግሞ ጎረሰ። እናቴ ፊቱ ገርጥቶ እንደሆነ አልነገረችውም፤ ባንዱን እያየች እግሯን በዜማው ትመታለች። እኔ ቀና ብዬ አገጩን እያየሁ እጠብቃለሁ። ቆይቶ እጁ በእጄ ውስጥ ሞቀ።

ያኔ የጎረቤታችን ልጅ ኢቮኔ መዶሻ ይዛ ከሰዉ መሃል ብቅ አለችና፣ "ሜና! ነይ፣ ቄሱን ልንመታቸው ነው!" አለችኝ።

አባቴን አየሁት። እጄን ለቀቀኝ።

"ሂጂ እንጂ" አለኝ አፉ ሙሉ እንደሆነ። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

ሮጥኩ። እየጮኽኩ፣ ጫማዬ ድንጋዩን እያንኳኳ ሮጥኩ። ቄሱን መታናቸው፣ እሳቸውም መቱን። ሴኞር ቤልሚሮን መታነው፤ ዳቦ ቤት በር ላይ የሚያወሩትን ሴቶች አንድ በአንድ መታናቸው። ወንዙ ዳር ወረድን፣ የማላውቃቸው ልጆች መሃል ገባሁ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ በሳቅ ሆዴን አመመኝ። እናቴ ከሩቅ ስሜን ስትጠራ ነው ቆም ብዬ ያስተዋልኩት፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ አባቴን ጨርሶ ረስቼው ነበር።

በስሟ የማላውቃትን ያቺን ወጣት ሐኪም፣ ተስፋ ያልቆረጠች እናቴን፣ ጉልበቷን እያመማት ደረጃውን የሮጠች ኮንስታንሳን፣ እየፈራ የቆመ አባቴን ባሰብኩ ቁጥር የማመሰግናቸው ስለዚያ ምሽት ነው። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ፣ ልጅ ልታደርገው እንደሚገባት፣ አባቷን ረስታ ስለተጫወተችበት ምሽት።